«ድንጋይ ላይም ሦስት ዓመት»

ጃፓኖች «ኢሺ ኖ ኡዌ ኒ ሞ ሳን ነን» ይላሉ፤ «ድንጋይ ላይም ቢሆን ሦስት ዓመት» ማለት ነው። ቀሪውን ሰሚው ይሞላዋል፦ የቀዘቀዘ ድንጋይ እንኳ ሦስት ዓመት ከተቀመጡበት ይሞቃል። «ሦስት» እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ለማለት ነው እንጂ ተቆጥሮ አይደለም። ከእኛ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ጋር ይቀራረባል፤ ሆኖም ዕንቁላሉ የሚለወጠው በራሱ ነው፣ ድንጋዩን ግን የሚያሞቀው የተቀማጩ ገላ ነው።

መሥሪያ ቤት ሲገባ አባባሉ የምር የሦስት ዓመት ቆጠራ ሆነ። ተመራቂዎች ኤፕሪል 1 በአንድ ቀን ሥራ ይጀምራሉ፤ አንዱ ልልቀቅ ሲል ወላጅም አለቃም የድንጋዩን አባባል ያነሱበታል። አሠራሩም በአንድ ቦታ ለሚቆይ ያደላል። ደመወዝ ከዝቅተኛ ተነሥቶ ከአገልግሎት ዘመን ጋር ያድጋል። የስንብት ገንዘብ በብዙ ድርጅት ሦስት ዓመት ላልሞላው አይከፈልም፣ በፈቃዱ ለሚለቅም ይቀነሳል። የዓመት ዕረፍትም በሕግ እንዲሁ ነው፦ ስድስት ወር የሠራና 80 በመቶ የሥራ ቀን የተገኘ 10 ቀን ያገኛል፣ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው 20 ይደርሳል። መሥሪያ ቤት የቀየረ ሰው ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል።

ድንጋዩ የሚቀዘቅዘው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ጁን ላይ ነው። የነዋሪነት ግብር የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢ ስለሆነ፣ ገቢ ያልነበረው ተመራቂ በመጀመሪያው ዓመት አይከፍልም። በሁለተኛው ግን ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ጭማሪው ትንሽ ከሆነ እጁ የሚገባው ብር ከአምናው ያንሳል። እድገት ተብሎ ደመወዝ ሲያንስ ማን ይታገሣል?

«ሺቺ ጎ ሳን» የሚባል አነጋገርም አለ፦ ሰባት፣ አምስት፣ ሦስት። ስሙ የልጆች በዓል ነው፤ ሥራ ላይ ግን ከመካከለኛ ደረጃ፣ ከሁለተኛ ደረጃና ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ከተቀጠሩ አሥር ሰዎች በሦስት ዓመት ውስጥ የሚለቁትን ይቆጥራል። ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ወርደዋል፤ የዩኒቨርሲቲው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው።

ሥራ የሚለቁበት ሌላው ምክንያት ምደባ ነው። ተመራቂው ኩባንያውን መርጦ ይገባል፤ ክፍሉንና ከተማውን የሚመርጥለት ግን ኩባንያው ነው። ወጣቶቹ ይህን «ጋቻ» ይሉታል፤ ሳንቲም ከተው እጀታውን ሲያዞሩ ምን እንደሚወጣ የማይታወቅበት የአሻንጉሊት ማሽን ስም ነው። ሰው ማጣት ያሳሰባቸው አንዳንድ ኩባንያዎች አሁን ክፍሉን ከመቅጠራቸው በፊት ይናገራሉ።