ፊድባክ ምንድን ነው? ማይክ ለምን ይጮሃል፣ ሰልጣኝስ በእሱ እንዴት ይመዘናል?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የአዳራሹ ቆርቆሮ ግሏል፣ ቬንትሌተሩ ሙቁን አየር ከጥግ ወደ ጥግ ያመላልሳል፣ ሙሽሮቹ ገብተው ተቀምጠዋል። አንድ አባት ሊመርቁ ተነሱና ማይክ ተሰጣቸው። ወደ አፋቸው ግን አላስጠጉትም፤ እንደ ከዘራ ጨብጠው ሆዳቸው ላይ አሳረፉት። "አይሰማም!" አለ ከኋላ አንዱ። የድምፅ ማደባለቂያው፣ ሚክሰሩ፣ ላይ የተቀመጠው ልጅ ከፍ አደረገ። "ኧረ አቦ፣ አይሰማም!" ልጁ ጨመረ። ከዚያ ሁላችንም የምናውቀው ጩኸት አዳራሹን ሰነጠቀው። ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ። መድረክ መሪው ሊረዳ ሮጦ የማይኩን ጭንቅላት በመዳፉ ሸፈነ፤ ጩኸቱ ባሰ። ልጁ ደንግጦ ዋናውን ፌደር፣ የሁሉንም ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ተንሸራታች፣ እስከ ታች ሳበው። የምርቃቱ ግማሽ "አሜን" ሳይባልለት ቀረ። በኋላ ምግብ ሲነሳ የሰማሁት ፍርድ "ማይኩ ቻይና ነው" የሚል ነበር።

ማይኩ ምንም አልሆነም። ያ ልጅም የኔ ሰልጣኝ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ ቢያንስ በግማሽ የኔ ነው።

ፊድባክ ማለት ከሞንታርቦው የወጣ ድምፅ ተመልሶ እዚያው ማይክ ውስጥ ሲገባ፣ እንደገና ጎልቶ ሲወጣ፣ እንደገና ሲገባ የሚፈጠር ዙር ነው። ማይክ የተናጋሪውን ድምፅ ከሞንታርቦው ድምፅ ለይቶ አያውቅም፤ የደረሰውን ሁሉ ይቀበላል። ቁም ነገሩ ድምፁ አንድ ዙር ዞሮ ሲመለስ ከመነሻው አንሷል ወይስ በልጧል የሚለው ነው። አንሶ ከተመለሰ በየዙሩ እየሳሳ ይጠፋል፤ ማንም አይሰማውም። እኩል ሆኖ ከተመለሰ ሳይጠፋ ይቀጥላል፤ በልጦ ከተመለሰ ግን አምፕሊፋየሩ አቅሙ እስኪያልቅ ድረስ ያድጋል።

ሂሳቡን አንድ ጊዜ ሠርቶ ማየት ይጠቅማል። ማይኩ ከሞንታርቦው 5 ሜትር ይርቃል እንበል። በድሬ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 70 ዙር ይዞራል። በየዙሩ 1 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ቢጨምር፣ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ 30 ዴሲቤል ወጥቷል ማለት ነው። "ትንሽ ብቻ ነው የጨመርኩት" የሚል ሰልጣኝ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ትንሿ ናት አፋፉን ያሻገረችው።

ለምን ታዲያ እንደ ጫጫታ ሳይሆን እንደ አንድ ቀጭን ዜማ ይጮሃል? ማይኩ፣ ሞንታርቦውና ክፍሉ ሁሉንም ድምፅ እኩል ስለማያስተናግዱ ነው። አንዱን የድምፅ ከፍታ ከሌላው አብልጠው ያሳልፋሉ፤ ተመልሶ የሚመጣው ሞገድም ከሚወጣው ጋር እርምጃው የሚገጥመው በአንዳንዱ ከፍታ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱም የተሟሉለት ከፍታ ቀድሞ አፋፉን ያልፋል፣ ሌላውን ይውጠዋል። ፈረንሳዮች ይህን ጩኸት "ላርሰን" ይሉታል፤ ስሙ የዴንማርኩ የፊዚክስ ሊቅ የሶረን ላርሰን ነው። የባቡሩ ፈረንሳይኛ ድሬ ላይ በደንብ ይነገር በነበረበት ዘመን ብናስተምር ኖሮ ምናልባት እኛም ላርሰን እንለው ነበር። አሁን ግን በየአዳራሹ "ማይኩ ፊድባክ አደረገ" ነው የሚባለው።

ወደ አባታችን እንመለስ። ማይክ ከአፍ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሆንና 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲወርድ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ርቀት እጥፍ ባደገ ቁጥር ወደ 6 ዴሲቤል ይጠፋል፤ ከ5 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 40፣ ሦስት ጊዜ እጥፍ ሆነ፤ 18 ዴሲቤል ማለት ነው። ልጁ ያንን ጉድለት በፌደር ሊሞላ ሞከረ። ችግሩ ፌደሩ የአባትየውን ድምፅ ብቻ ለይቶ አያነሳም፤ ማይኩ የሚሰማውን ሞንታርቦም አብሮ ያነሳዋል። ማይኩ ለአፍ ቢቀርብ ኖሮ የማይደርስበትን አፋፍ በሆድ ላይ ለተቀመጠ ማይክ ሲል ተሻገረው። መፍትሔው ሚክሰሩ ላይ አልነበረም። ተነስቶ "አባባ፣ ወደ አፍዎ ትንሽ ጠጋ ያድርጉት" ማለት ነበር።

የመድረክ መሪው መዳፍስ? ይህን ለሰልጣኝ በአፍ ብነግረው አያምነኝም፣ ስለዚህ አሳየዋለሁ። በየመድረኩ የምናየው የዘፋኝ ማይክ፣ ለምሳሌ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሹር ኤስ ኤም 58፣ ካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከፊት በደንብ ይሰማል፣ ከጀርባው ደንቆሮ ነው ማለት ይቻላል። ይህን የሚያደርገው ከወንፊቱ ሥር ከኋላ በኩል ባሉት ክፍተቶች የሚገባው ድምፅ ነው። ወንፊቱን በመዳፍ ሲያፍኑት ክፍተቶቹ ይዘጋሉ፣ ማይኩም ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። ራፕ የሚዘፍኑ ልጆች ማይኩን አንገቱ ላይ አንቀው ሲይዙት ሞኒተሩ፣ ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት የመድረክ ሞንታርቦ፣ የሚጮኸው ለዚሁ ነው። የማይኩን ዓይነት አለማወቅም ሌላ ጉድ ያመጣል። ለካርዲዮይድ ሞኒተሩን ልክ ከማይኩ ጀርባ ታስቀምጣለህ። ሱፐርካርዲዮይድ የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ከኋላው ትንሽ ጆሮ አለው፤ የሚደነቁረው ከፊቱ ወደ 125 ዲግሪ ዞሮ ነው። ሞኒተሩን በልማድ ልክ ከጀርባው ብታስቀምጠው በቀጥታ ለዚያች ጆሮ ታጎርሰዋለህ።

ክፍት የቀረ ማይክም አለ። የተከፈቱት ማይኮች ቁጥር እጥፍ በሆነ ቁጥር ከጩኸቱ በፊት ያለህ ቦታ በ3 ዴሲቤል ይጠባል። አንድ ማይክ ስምንት ሲሆን 9 ዴሲቤል ሄደ። ሠርግ ላይ ለሁለት ዘፋኝ፣ ለመድረክ መሪ፣ ለክራር፣ ለከበሮ ተከፍቶ፣ ሰው በማይናገርበት ሰዓት እንኳ ሁሉም አፉን ከፍቶ የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰልጣኞቼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በነጋታው ሁሉንም ክፍት ትተውት አገኛለሁ።

ጆሮን ማሠልጠን ሌላው ሥራ ነው፣ እኔ ደግሞ የምወደው። ጩኸቱ የስንት ኸርዝ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) እንደሆነ ካልለየህ ኢኳላይዘሩን፣ እያንዳንዱን የድምፅ ከፍታ ለብቻው የሚቀንሰውንና የሚጨምረውን መሣሪያ፣ በጭፍን ትቆርጣለህ፣ ዘፋኙም ከበርሜል ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል። እኔ የማስተምረው በአናባቢ ነው። 250 ኸርዝ አካባቢ የሚጮህ ፊድባክ "ኡ" ይላል። 500 "ኦ" ይላል። 1,000 "አ"፣ 2,000 "ኤ"፣ 4,000 "ኢ"። ከዚያ በላይ ያለው ፉጨት ነው። ፊደል በደንብ የቆጠረ አንድ ሰልጣኝ "ካዕብ፣ ሳብዕ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሣልስ፣ ቅደም ተከተሉን አበላሸኸው" ብሎኛል፤ ልክ ነው፣ ግን ድምፅ ፊደል ቤት አልገባም። ዘዴው ድሬ ላይ የሚመቸው ደግሞ አፋን ኦሮሞም ሶማሊኛም እነዚሁኑ አምስት አናባቢዎች ስላሏቸው ነው፤ ክፍል ውስጥ ማንም ከማንም ወደኋላ አይቀርም።

አናባቢው ትክክለኛ ልኬት አይደለም፤ የጆሮ መያዣ ነው። ባለ 31 ባንዱ ኢኳላይዘር እያንዳንዱን ኦክታቭ፣ ማለትም ኸርዙ እጥፍ እስኪሆን ያለውን ርቀት፣ ባንድ ለሚባሉ ሦስት ክፍሎች ይከፍላል። አናባቢው ሰፈሩ ድረስ ይወስድሃል፤ ሰፈሩ ውስጥ ግን ሦስት ቤት አለ። "ኤ" ሰማህ? 1,600 ነው፣ 2,000 ነው ወይስ 2,500? ከሦስቱ አንዱን በትንሹ ከፍ አድርገህ ትሞክራለህ፤ ጩኸቱ ከጎመራ ቤቱን አግኝተሃል፣ ያንን ብቻ 3 ዴሲቤል ያህል ትቀንሳለህ። ይህን የምናደርገው በዝቅተኛ ድምፅ ነው። ፊድባክ ጆሮም ይጎዳል፣ የሞንታርቦውን ትዊተርም (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር) ያቃጥላል፤ ሰልጣኝ ሲለማመድ ያቃጠለው ትዊተር ከማን ኪስ እንደሚወጣ የታወቀ ነው።

እንግዲህ ምዘናው። በብቃት ምዘና፣ ሁሉም "ሲኦሲ" በሚለው፣ ሰልጣኝ ወይ ብቁ ነው ወይ ገና ብቁ አይደለም። እኔም ሰልጣኞቼን ወደዚያ ከመላኬ በፊት የራሴን ፈተና እፈትናለሁ። "ፊድባክን አብራራ" የሚል ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ከላይ ያልኩትን በሙሉ በቃሉ የሚወጣልኝ ልጅ አለ፤ ማይኩ ሲጮህ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ እኔ ራሴ አስጮኸዋለሁ፣ ከዚያም እጁን አያለሁ። መጀመሪያ ወዴት ሄደ?

ወደ ዋናው ፌደር የሄደ ጩኸቱን ገድሏል፣ ፕሮግራሙንም አብሮ ገድሏል። ወደ ጌይን፣ የማይኩ ድምፅ ሚክሰሩ ውስጥ ሲገባ ወደሚጎላበት ቁልፍ፣ የሄደ ትንሽ ይሻላል፤ ግን ያ ጌይን ሞኒተሩንም ስለሚመግብ ዘፋኙ መድረክ ላይ ራሱን መስማት ያቆማል፣ ዞሮም ልጁ ላይ ያፈጣል። ወደ ኢኳላይዘር የሮጠ ብዙ ነው፤ ይህ ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም የተማረውን ነው ያደረገው። ማይኩ ከሞንታርቦው ፊት ቆሞ እያለ ኢኳላይዘር መንካት ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው። የምፈልገው ልጅ የሚጮኸውን ቻናል ፌደር ሁለት ሦስት ዴሲቤል ብቻ ዝቅ አድርጎ፣ ቀና ብሎ መድረኩን የሚያይ ነው። ማይኩን ማን ያዘው? የት ቆሟል? የቱ ማይክ በከንቱ ተከፍቷል?

ቀጥሎ ባዶ አዳራሽ እሰጠዋለሁ፤ 10 ደቂቃ፣ ከ4 ባንድ በላይ መቁረጥ ክልክል። ማይኩን ቀስ እያለ እስከ ጩኸቱ አፋፍ ያደርሰዋል፣ ያለበትን ባንድ ይቆርጣል፣ እንደገና ይሞክራል። ሲጨርስ ከአፋፉ 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። 6ን ሳይተው "ጨርሻለሁ" ያለኝን እዚያው አቆመዋለሁ። አንዳንዴም እሱ ሳያይ ማይኩን በሱፐርካርዲዮይድ እቀይርበታለሁ፤ ሞኒተሩን ካላዞረ ማይኩን አላየም ማለት ነው። ተንኮል ነው የሚሉ አሉ። አዳራሽ ውስጥ ከዚህ የባሰ ይገጥማቸዋል።

ስለ ባዶ አዳራሽ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሲሞላ አዳራሹ ሌላ አዳራሽ ነው፤ ልብስና አካል ድምፅ ይመጥጣል፣ ብዙ ጊዜ ለእኛ ይጠቅመናል። ሙቀቱ ግን ይለወጣል። በ20 ዲግሪ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፣ በ35 ዲግሪ 352። ልዩነቱ ሁለት ተኩል ከመቶ ነው፤ በ2,500 ኸርዝ ላይ 60 ኸርዝ ያህል። በባለ 31 ባንዱ ኢኳላይዘር ይህ አይታወቅም፣ ባንዱ ሰፊ ነው። በዲጂታል ሚክሰር ግን መርፌ የሚያህል ቀጭን ቁርጥ አድርጎ ጠዋት የዘጋው ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ ጩኸቱ ከቁርጡ ጎን ሲወጣ ሚክሰሩን ይረግማል። ሐረር ወጥቶ በብርዱ የሠራውን ማስተካከያ ሴቭ አድርጎ ድሬ ላይ የከፈተ አንድ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ። ሐረር ከድሬ በ600 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ክፍሉም ሌላ፣ አየሩም ሌላ ነው።

የቀረው ማሲንቆ ነው። የማሲንቆ ሳጥን በቆዳ የተወጠረ ስለሆነ ራሱ እንደ ማይክ ያገለግላል፤ ሞኒተሩ ሲመታው ቆዳው ይንቀጠቀጣል፣ ያ ንቅጥቅጥም ተመልሶ ይገባል። ፒክአፕ፣ ንቅጥቅጡን በቀጥታ የሚቀበል መሣሪያ፣ ለጥፈህ ማይኩን ብታነሳም አይጠፋም፣ የሚጮኸው ሳጥኑ ነውና። ተጫዋቹን ከሞኒተሩ መስመር ጎን ማድረግ ይረዳል፤ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥም እንዲሁ፤ ሞኒተሩ ውስጥ ማሲንቆውን ለሌሎቹ እንጂ ለባለቤቱ አለመላክ ከሁሉ ይረዳል፣ እሱ ጭኑ ላይ ይሰማዋልና። ግን አንዱ ማሲንቆ እንደ አንዱ አይደለም፤ ለሁሉም የሚሠራ ዘዴ እስካሁን አላገኘሁም። ስለዚህ ፈተና ውስጥ አላስገባውም።