ስለ ቋሚና ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚባለውና እውነታው

የቡና ወቅት ሲደርስ ጅማና ዙሪያዋ በኮንትራት ቅጥር ይሞላሉ፤ «አንተ እኮ ቋሚ አይደለህም» የሚለው መልስም አብሮ ይበዛል። እዚህ የምናነሣው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚተዳደሩ ድርጅቶችን ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የራሳቸው ሕግ አላቸው።

«ጊዜያዊ ብሎ የፈረመ ጊዜያዊ ነው»

ትልቁ ስህተት ይኸ ነው። በአዋጁ አንቀጽ 9 መሠረት የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ፣ ማለትም በቋሚነት፣ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚፈቀደው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው፦ የታመመን ወይም ፈቃድ የወጣን መተካት፣ ከወትሮው የበዛ ሥራ፣ ወቅታዊ ሥራና የመሳሰሉት። የእሸት ቡና መፈልፈያን እንውሰድ። ቀይ እሸት ሲገባ ብቻ ተጠርታ ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የምታገላብጥ ሴት በወቅታዊ ውል ብትሠራ ሕጋዊ ነው። ክረምት ከበጋ በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ ግን በየሦስት ወሩ ቢፈርምም፣ ጊዜያዊ የሚለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

«45 ቀን ካለፈ ቋሚ ነው»

ይህን ደግሞ ሠራተኛውም አሠሪውም ያምነዋል። 45 ቀን በድሮው አዋጅ 377/96 የሙከራ ጊዜ ጣሪያ ነበር፤ ዛሬ ጣሪያው 60 የሥራ ቀን ነው፣ ያውም በጽሑፍ ከተስማሙ። ሙከራ ማለፍ የውሉን ዓይነት አይለውጥም። ሦስት ጊዜ ማደስም እንዲሁ፤ ሕጉ የእድሳት ቁጥር አላስቀመጠም፣ የሚመዘነው ሥራው ነው።

«ለኮንትራት ፈቃድና ትርፍ ሰዓት የለም»

አለ። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዓመት በታች ለሠራ በተመጣጣኝ ይሰላል፣ ያልወሰደው ውሉ ሲያልቅ በገንዘብ ይከፈለዋል። ትርፍ ሰዓት ቀን በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት እረፍት በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ገንዘቡ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ካቦው ቀን እንጂ ሰዓት ስለማይመዘግብ ነው። መግቢያና መውጫን ራስ መጻፍ ይጠቅማል።

«ወረቀት ከሌለ መክሰስ አይቻልም»

ውል በቃልም ይጸናል። እንዲያውም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የድርጅቱ መታወቂያ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ዝርዝርና የባልደረባ ምስክርነት ማስረጃ ይሆናሉ። ክስ የሚያበላሸው ይልቅ መዘግየት ነው፦ ወደ ሥራ ለመመለስ 3 ወር፣ ለደመወዝና ለትርፍ ሰዓት 6 ወር። «ነገ ና» የሚል የቃል ተስፋ ይህን ጊዜ አያቆመውም፤ ጉዳዩ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ አካል የቀረበ አቤቱታ ወይም አሠሪው በጽሑፍ ያመነው ዕዳ ግን ያቋርጠዋል።