የዘፋኝ የድምፅ ዓይነት ምንድን ነው?

መዘምራንን ሊቀላቀል የመጣ ሰው ኪቦርድ አጠገብ ይቆማል። አሰልጣኙ አንድ ኖታ ይመታል፣ ዘማሪው ይከተላል፤ ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ፣ እንደገና ከፍ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ድረስ። «እዚህ ድረስ ከወጣህማ ቴኖር፣ ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ፣ ነህ» ይባልና ምደባው በሦስት ደቂቃ ያልቃል። እኔም በዚሁ መንገድ ቴኖር ተብዬ ሁለት ዓመት ያህል ከልምምድ በኋላ ጉሮሮዬን እያሻሸሁ ቤቴ ገብቻለሁ።

ጤነኛ ሰው እንጦጦ ወጥቶ መመለስ ይችላል፤ ቤቱ እንጦጦ ነው ማለት ግን አይደለም። ጫፍ ላይ ያለችውን ኖታ አንዴ መንካት ሌላ፣ ሳይደክሙ፣ ቃሉ ሳይድበሰበስና ድምፁ ሳይሳሳ ረጅም ጊዜ የሚዘፈንበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ነው። ይህን ሰፈር ጣልያኖች ቴሲቱራ ይሉታል፤ ቃሉ በቋንቋቸው ሽመና ማለት ነው። የድምፅ ዓይነትን በዋናነት የሚወስነው ይህ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ከፍታ ላይ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ተመችቷቸው የሚቆዩበት ቦታ ከተለያየ ግን ዓይነታቸውም ይለያያል። አስተማሪ ከዚህ ሌላ ሁለት ነገሮችን ያዳምጣል፦ የድምፁን ቀለም፣ እንዲሁም ዘፋኙ ታች ካለው የደረት ድምፅ ላይ ወዳለው የራስ ድምፅ ሲሸጋገር መንገዱ የሚሻክርበትን ቦታ።

የልዩነቱ ሥር ሰውነት ውስጥ ነው። በማንቁርት ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች በአዋቂ ወንድ ከ17 እስከ 25፣ በአዋቂ ሴት ከ12.5 እስከ 17.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። በገናና ክራርን ጎን ለጎን ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ረጅሙና ወፍራሙ ጅማት ቀስ ብሎ ሲርገበገብ ድምፁ ይወርዳል፤ አጭሩና ቀጭኑ ሲፈጥን ይወጣል። ሁለቱን መሣሪያዎች የሚለያቸው ግን ጅማታቸው ብቻ አይደለም፤ የሚያስተጋባው አካላቸውም ነው። በሰው ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ከአውታሮቹ በላይ ያለው ጉሮሮና አፍ ሲሆን የድምፁ ቀለም የሚመጣውም በአብዛኛው ከዚያ ነው። እኛ ከፍታውንም ቀለሙንም «ቀጭን» እና «ወፍራም» በሚሉ ሁለት ቃላት ጠቅልለን ስለምንናገር ነገሩ ይምታታብናል። ድምፀ ወፍራም ሴት ወደ ላይ መውጣት አትችልም የሚባለው ከዚህ የመጣ ስሕተት ነው። ሶፕራኖ ከፍተኛው የሴት ድምፅ ነው፤ ከእነሱም ድራማዊ ሶፕራኖ የሚባሉት ድምፃቸው የከበደና የጠቆረ ነው፤ ያም ሆኖ ከፍ ያሉትን ኖታዎች ከሙሉ ኦርኬስትራ በላይ ያሰማሉ።

ስሞቹን በአጭሩ እንለፋቸው። በምዕራቡ ኦፔራ ከሴቶች ከላይ ወደ ታች ሶፕራኖ፣ ሜዞ ሶፕራኖና ኮንትራልቶ፣ ከወንዶች ቴኖር፣ ባሪቶንና ቤዝ አሉ፤ በራስ ድምፅ ወደ ሴቶቹ ሰፈር የሚወጣ ወንድ ካውንተርቴኖር ይባላል። (ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የዜማ ስልቶች ስለሆኑ ከዚህ ጋር አይገናኙም።) ከሁሉም ታሪኩ ደስ የሚለኝ ቴኖር ነው። በላቲን «መያዝ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን ዋናውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ አርዝሞ የሚይዘው መስመር መጠሪያ ነበር። ሌሎቹ ድምፆች በእሱ ዙሪያ ተደረደሩ። ስሙ ሲጀመር የሥራ ስም ነበር፤ የጉሮሮ ስም የሆነው ኋላ ነው።

የሰው ድምፅ ምን ያህል እንደሚሰፋ ለማየት ሞዛርት በ1791 በቪየና ለመድረክ ያበቃው «የአስማት ዋሽንት» የተባለው ኦፔራ ይበቃል። የሌሊቷ ንግሥት በዛሬው ቅኝት እስከ 1,397 ሄርዝ (በሰከንድ ያን ያህል ርግብግብታ) ገደማ ትወጣለች፤ ካህኑ ሳራስትሮ እስከ 87 ሄርዝ ገደማ ይወርዳል። በመካከላቸው አራት ኦክታቭ አለ፤ አንድ ኦክታቭ ሄርዙን እጥፍ ስለሚያደርገው የ16 እጥፍ ርቀት ማለት ነው። ንግሥቲቱን መጀመሪያ የተጫወተችው የሞዛርት ሚስት እኅት ዮዜፋ ሆፈር ነበረች። ሞዛርት ሚናውን በሚያውቀው ጉሮሮ ልክ እንደ ልብስ ሰፋው፤ ከእሷ በኋላ የመጡት ሁሉ በዚያ ልብስ ልክ መገኘት ግድ ሆነባቸው።

አንዳንዴ የዘፋኙ ስም ራሱ የድምፅ ዓይነት ሆኖ ይቀራል። ኮርኔሊ ፋልኮን በ1832 ገና በ18 ዓመቷ በፓሪስ ኦፔራ ብቅ ስትል ታችኛው ድምፅዋ የሜዞን ያህል ጥልቅ፣ ላይኛው ግን የሶፕራኖ ነበር። በ1837 መድረክ ላይ እያለች ድምፅዋ ተዘጋ፤ እንደ ቀድሞው ሆኖም አልተመለሰም። ምክንያቱ እስካሁን ያከራክራል፤ ከግምቶቹ አንዱ ከተፈጥሮዋ በላይ ስትገፋ ቆይታለች የሚል ነው። እንደ እሷ ያሉት ድምፆች ዛሬም ፋልኮን ይባላሉ። ጀርመኖች ይህን ዝርዝር ከሁሉም በላይ አራቅቀውታል። ፋኽ በሚሉት ሥርዓት ዘፋኙ የሚቀጠረው በተወሰነ የገጸ ባሕርይ ምድብ ነው፤ ቢሮክራሲ ይመስላል እንጂ ለጉሮሮ መድን ነው።

ምደባው ግን የማይነቃነቅ አይደለም። «ሦስቱ ቴኖሮች» በሚል ስም አብረው ይዘፍኑ ከነበሩት አንዱ ፕላሲዶ ዶሚንጎ በወጣትነቱ በሜክሲኮ ባሪቶን ነኝ ብሎ ለፈተና ሲቀርብ ፈታኞቹ ቴኖር መሆኑን ነገሩት። አሥርት ዓመታት በዚያ ከኖረ በኋላ በ2009 በበርሊን ወደ ባሪቶን ሚና ተመለሰ። ዝቅተኛዎቹን ኖታዎች አግኝቷቸዋል፤ ብዙ አድማጮች ግን ቀለሙ አሁንም የቴኖር ነው አሉ።

በመዘምራን ውስጥ ያለው ችግር ከዚህ ይለያል። የተለመደው አደረጃጀት ሶፕራኖ፣ አልቶ (የሴቶቹ ዝቅተኛ መስመር)፣ ቴኖርና ቤዝ የሚል ሲሆን ሜዞና ባሪቶን ቦታ የላቸውም። አብዛኛው ሰው ደግሞ ድምፁ መካከለኛ ነው። ስለዚህ ገሚሱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ገሚሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቴኖር ባነሰበት መዘምራን ወደ የት እንደሚገፋ መናገር አያስፈልግም። አልቶ መቆም ኮንትራልቶ መሆን አይደለም፤ ኮንትራልቶ እጅግ ጥቂት ናት።

አዝማሪ ይህ ጭንቀት የለበትም። ማሲንቆውን በራሱ ጉሮሮ ልክ ይቃኛል፤ ከከበደው ዝቅ ያደርገዋል። አርባ ሰው ከአንድ የኖታ ወረቀት ሲዘምር ግን ቅኝቱን ለእያንዳንዱ ማውረድ ስለማይቻል ሰዎቹ ይመደባሉ። ጥሩ አሰልጣኝ አዲሱን ዘማሪ አንድን መዝሙር በሦስት የተለያዩ ከፍታዎች ሙሉውን ያዘምረዋል፤ በየትኛው እንደተዝናና ፊቱን አይቶ ያውቃል። እኔን እንዲህ የፈተነኝ ሁለተኛው አሰልጣኝ ባሪቶን መሆኔን ነግሮኝ ከቤዞቹ ጋር አቆመኝ። ያቺን የላይኛዋን ኖታ አሁንም እነካታለሁ፤ ግን አልሰነብትባትም።