አኩሪ አተር «መሬት ያዳብራል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ፣ በቆሎ አምራቹ አንድ ክረምት አኩሪ አተር ከዘራ በሚቀጥለው ዓመት ዩሪያ አያስፈልገውም፣ አኩሪ አተሩ ናይትሮጅኑን ከአየር ስቦ መሬት ውስጥ አስቀምጦለታል ሲሉ ሰማሁ። ይህ አባባል ሥልጠና ላይም በእርሻ ዝግጅቶችም ሳይታረም ይደጋገማል። ማዳበሪያ በተወደደበት ዘመን ይህን አምኖ ዩሪያውን የሚተው ገበሬ ነው ዕዳውን የሚሸከመው። በቆሎው ጉልበት ሲያህል ቢጫ ይሆናል፣ ጥፋቱም በዘሩ ወይም በዝናቡ ይሳበባል።

አኩሪ አተር ከአየር ናይትሮጅን ማግኘቱ እውነት ነው፤ ሥሩ ላይ ተጠግቶ የሚኖር ብራዲራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ያዘጋጅለታል። የሚያዘጋጀው ግን ለተክሉ ነው እንጂ ለአፈሩ አይደለም። አኩሪ አተርን ስንቁን ይዞ እንደመጣ እንግዳ ቁጠሩት። እንዲህ ያለ እንግዳ ጎተራችሁን አይሞላም፤ ከጎተራችሁ ብዙ አይቀንስም እንጂ። ስንቁም ሙሉ በሙሉ አይበቃውም። ብዙውን ጊዜ ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ግማሹን ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለውን ከአየር ያገኛል፣ ቀሪውን ከእናንተው ገበታ ይበላል። ሲሄድ ደግሞ ጓዙን ሞልቶ ነው።

ጓዙ ምን ያህል እንደሆነ እንመልከት። የአኩሪ አተር ፍሬ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው፣ ፕሮቲን ደግሞ ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። ስለዚህ በአንድ ኩንታል ፍሬ ውስጥ ከ6 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን አለ። አንድ ኩንታል በቆሎ የሚይዘው 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ከሄክታር 20 ኩንታል አኩሪ አተር ያነሳ ገበሬ ከ120 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን በጆንያ አስሮ ከማሳው አውጥቷል፤ በዩሪያ ሲሰላ ከ2 ኩንታል ተኩል ይበልጣል። ተክሉ ከፍሬ እስከ ሥር 160 ኪሎ ናይትሮጅን ይዞ ከነበረና 90 ኪሎውን ከአየር ካገኘ፣ በፍሬው የወጣው ግን 120 ኪሎ ስለሆነ መሬቱ 30 ኪሎ ከስሯል። ባክቴሪያው በጣም ሲሠራ ሒሳቡ ሊስተካከል፣ አልፎም ትርፍ ሊያሳይ ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን የበቆሎን ዩሪያ የሚተካ ትርፍ አይደለም።

ተንታኙ ብራዚልን ጠቅሰዋል። ብራዚላውያን ለአኩሪ አተር የናይትሮጅን ማዳበሪያ አይሰጡም ማለት ይቻላል፣ ዘሩን ግን በባክቴሪያ ያሻሉ። ተከትሎት ለሚዘራው በቆሎ ደግሞ ናይትሮጅን ይሰጣሉ። ምሳሌው ሳይቆረጥ ሲነገር የሚያስተምረው ይህን ነው።

«ታዲያ ከአኩሪ አተር በኋላ በቆሎው ለምን ያምራል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፣ ተገቢም ነው። በአሜሪካ አዮዋ ከአኩሪ አተር በኋላ ለሚዘራ በቆሎ የሚመከረው ናይትሮጅን፣ በቆሎ በበቆሎ ላይ ከሚዘራበት ማሳ ይልቅ በሄክታር 50 ኪሎ ገደማ ያንሳል። ትልቁ ምክንያት አኩሪ አተሩ ያስቀመጠው ቅርስ አይደለም። የበቆሎ አገዳ ካርቦን የበዛበት ስለሆነ፣ እሱን የሚያበሰብሱት ተህዋስያን የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻሙበታል። የአኩሪ አተር ቅጠልና ገለባ ግን ቶሎ ይበሰብሳል፣ ሽሚያውም ይቀንሳል። እኛ አገር አገዳው ለከብት፣ ለማገዶና ለአጥር ስለሚሄድ፣ የአዮዋን ቁጥር እንዳለ ወደ ባኮ ወይም ወደ ጅማ ማምጣት አይቻልም። በዚያ ላይ እኛ ብዙ ጊዜ አኩሪ አተሩን ከነሥሩ ነቅለን አውድማ ላይ እንወቃዋለን። ፍሬው ብቻ ሳይሆን ገለባውም ሥሩም ከማሳው ወጣ ማለት ነው። በማጭድ አጭዶ ሥሩን እዚያው መተው፣ ገለባውን ወይም ገለባውን የበላውን ከብት ፍግ ወደ ማሳው መመለስ ከማንኛውም ስብከት ይበልጣል።

ስንቁስ ራሱ ተዘጋጅቷል? አኩሪ አተር የምሥራቅ እስያ ሰብል ነው፤ ተዘርቶበት በማያውቅ መሬታችን ላይ የሚስማማው ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ የለም። ለዚህ ነው ባክቴሪያውን በፓኬት የያዘው ሕያው ማዳበሪያ ዘሩ ላይ የሚታሸው። የባቄላው ፓኬት ለአኩሪ አተር አይሆንም፣ የቦሎቄውም እንዲሁ። ዘሩን በስኳር ውኃ አርጥቦ ጥላ ውስጥ አሽቶ ወዲያው መዝራትና አፈር ማልበስ ነው፤ ባክቴሪያውን ፀሐይ ይገድለዋል፣ ኤንፒኤስ ከሚባለው ማዳበሪያ ጋር መነካካትም ይጎዳዋል። ዩሪያ ለአኩሪ አተሩ ማብዛትም ጥቅም የለውም፤ ገበታ የቀረበለት እንግዳ ስንቁን አይፈታም። በኤንፒኤስ ውስጥ ያለችው ትንሽ ናይትሮጅን ግን አታሳስብም።

መሥራቱን የሚናገረው ሥሩ ነው። አበባ ሲይዝ ጥቂት ተክሎችን በአካፋ ከነአፈሩ አንሱ። ነቅላችሁ ካወጣችሁት ባክቴሪያው የሚኖርባቸው የሥር እንክብሎች አፈር ውስጥ ይቀራሉና ሥሩ ባዶ ይመስላችኋል። በውኃ አለቅልቁት፤ ከግንዱ ሥር፣ በዋናው ሥር አናት ላይ የተሰበሰቡትን እንክብሎች በጥፍራችሁ ሰንጥቁ። ውስጣቸው ሥጋ የመሰለ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ እየሠሩ ነው። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አኩሪ አተሩ የሚበላው ከአፈራችሁ ብቻ ነው።

ሥሩ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ባክቴሪያውን ከመውቀሳችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። በምዕራቡ የአገራችን ክፍል አሲዳማ መሬት ብዙ ነው። የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ (ሲወርድ አሲዱ ይብሳል) አሉሚኒየም ሥሩን ይመርዛል፣ ፎስፈረሱም ይታሰራል። አሲዱን የሚያበርደው ኖራ ሳይነካው በፓኬት ላይ ፓኬት መጨመር ገንዘብ መበተን ነው።

ለሚከተለው በቆሎ ዩሪያ ልቀንስ የሚል ካለ አልከለክለውም፤ በጥቂቱ ይቀንስ። ብቻ ከማሳው መሐል አንድ ጠበብ ያለ መደብ ላይ ሙሉውን መጠን ሰጥቶ ይተው፣ ሲሰበስብም የሁለቱን ምርት ለየብቻ ይመዝን።