«ባዮኢንጂነርድ» የሚለው መለያ ምንድን ነው?

በአሜሪካ የታሸጉ ምግቦች ላይ የሚታየው «ባዮኢንጂነርድ» የሚል ጽሑፍ ወይም አረንጓዴ ክብ ምልክት በወላጆች መካከል በሚዘዋወሩ መልእክቶች እንደ መርዝ ማስጠንቀቂያ ሲቆጠር ማየት ሰልችቶኛል። በቅርቡም አንድ መካሪ «ልጃችሁን የምትወዱ ከሆነ ምልክቱ ያለበትን አትግዙ፤ የሌለበት ንጹሕ ነው» ሲሉ ሰማሁ። እናት ነኝ፤ እንጀራዬም የምግብ ናሙና መመርመር ነው። የምክሩ የመጀመሪያ ግማሽ ያለ በቂ ምክንያት ያስፈራል፤ ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ያዘናጋል፤ እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ሁለተኛው ነው።

መለያው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የፌዴራል ሕግ ሲሆን ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ግዴታ ሆኗል። የሚናገረው፣ ምግቡ በላብራቶሪ ዘዴ የተለወጠና በተለመደው ማዳቀል ወይም በተፈጥሮ ሊገኝ የማይችል ዘረመል እንዳለበት ብቻ ነው። ስለዚህ መለያው የልደት ምስክር ወረቀት እንጂ የሐኪም ምርመራ ውጤት አይደለም፤ ልጁ የት እንደተወለደ ይነግረናል፣ ትኩሳት ይኑረው አይኑረው ግን ከዚያ ወረቀት ላይ አይነበብም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ባወጡት ሰፊ ዘገባ፣ በገበያ ላይ ያሉት ልውጥ ሰብሎች ከሌሎቹ የበለጠ ጤና እንደሚጎዱ የሚያሳይ የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኙም። ይህ ግን ነገ ለሚመጣው ሰብል ሁሉ የተሰጠ የይለፍ ወረቀት አይደለም፤ እያንዳንዱ በየራሱ መመርመር አለበት። የብራዚል ነት የተባለው የዛፍ ፍሬ ዘረመል የተጨመረበት አኩሪ አተር የፍሬውን አለርጂ ይዞ መሄዱ በምርመራ ተደርሶበት ገበያ ሳይገባ ቀርቷል፤ ጥናቱም በ1996 ታትሟል። ልጁ አለርጂ ያለበት ወላጅ ማንበብ ያለበት በሌላ ሕግ የሚጻፈውን የአለርጂ ዝርዝር ነው፤ ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

አሁን ወደ «የሌለበት ንጹሕ ነው» እንምጣ። በአሜሪካ ከሚመረተው ስኳር ከግማሽ የሚበልጠው የሚወጣው ሹገር ቢት ከሚባለው የቀይ ሥር ዘመድ ነው፤ ይህ ተክል ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚዘራው ፀረ አረም ከሚቋቋም ልውጥ ዘር ነው። ስኳሩ ተጣርቶ ሲያልቅ ግን የሚለካ ዘረመል ስለማይቀርበት፣ የግብርና መሥሪያ ቤቱ በ2018 ያወጣው ደንብ እንዲህ ያሉትን ስኳርና ዘይት ከግዴታው ነፃ አደረጋቸው፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሷል። የልደት ወረቀቱ ተቃጠለ እንጂ የትውልድ ቦታው አልተቀየረም። የአሜሪካው ደንብ ወረቀቱን አሳዩኝ ሲል፣ የአውሮፓ ኅብረት ግን ወረቀቱ ቢጠፋም ጎረቤት ይመስክር ብሎ ከእርሻ እስከ መደርደሪያ ያለውን ሰነድ ተከትሎ ዘይቱም ላይ ያስጽፋል። ልውጥ በቆሎ የበላች ላም ወተትና ሥጋ ላይ በሁለቱም ዘንድ አይጻፍም፤ በአንድ ቤት የበላ ሁሉ የቤቱ ልጅ አይባልምና። የምግብ ቤት ምግብም በአሜሪካ ከግዴታው ነፃ ነው።

ምሳሌዬ የሚያነክሰው መጠን ላይ ነው፤ ሰው በከፊል አይወለድም፣ ዱቄት ግን ይደባለቃል። ሳይታሰብ የገባ ልውጥ ነገር በአሜሪካ ከእያንዳንዱ ግብአት እስከ 5 በመቶ፣ በአውሮፓ ደግሞ እስከ 0.9 በመቶ ድረስ አያስጽፍም። ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር፦ የላብራቶሪ ውጤት «አልተገኘም» ሲል መሣሪያው ሊያይ ከሚችለው በታች ነው ማለቱ ነው፤ ሙቀትና አሲድ ደግሞ ዘረመልን ስለሚሰባብሩ ብዙ የተቀነባበረ ምግብ ላይ የምንሰጠው መልስ ሁልጊዜ እርግጠኛ አይደለም።

መካሪው «ካልጎዳ ለምን ይጻፋል?» ማለታቸውም አይቀርም። ዓሣ በኩሬ የረባ ይሁን ከባሕር የተያዘ ይጻፋል፤ የሚጻፈው ግን አንዱ መርዝ ስለሆነ አይደለም። እኔ እንደ ወላጅ መለያውን እደግፋለሁ፣ እንዲያውም እንደ አውሮፓው ስኳሩንና ዘይቱን እንዲጨምር እፈልጋለሁ፤ የዘር ባለቤትነት በጥቂት ኩባንያዎች እጅ መግባቱ ወይም የፀረ አረም አጠቃቀም የሚያሳስበው ሰው ገንዘቡን ለማን እንደሚሰጥ የመምረጥ መብት አለው። በጽሑፍ ፈንታ ስልክ አውጥታችሁ ኮድ አንብቡ የሚለው አማራጭ ግን፣ በጋሪው ላይ የሚያለቅስ ሕፃን ይዞ ለሚገበያይ ሰው መረጃን እንደ መደበቅ ነው። ፀረ አረሙን በተመለከተም፣ ልውጥ ያልሆነ ስንዴና አጃ ላይም ከአጨዳ በፊት ስለሚረጭ የመለያው አለመኖር ስለ ቅሪቱ ምንም አይናገርም።

ከዚህ ውጭ ሰዎች የሚጠቅሷቸው «ምልክቶች» ብዙ ጊዜ አያስተማምኑም። ፍራፍሬ ላይ የሚለጠፈው በ8 የሚጀምር ባለ አምስት አሐዝ ቁጥር ልውጥ ፍሬን ያሳያል ይባላል፤ ቁጥሩ ለዚያ ታስቦ የነበረ ቢሆንም መደብር ውስጥ ጥቅም ላይ ሳይውል ቀርቷል። ልውጥ ነው የሚባለው ዘር አልባ ሐብሐብም የተገኘው በማዳቀል ነው። «ከጂኤምኦ ነፃ» (ማለትም ልውጥ ያልሆነ) ተብሎ የሚሸጠው ጨው ደግሞ ከመጀመሪያውም ዘረመል የለውም።

በውጭ የምንኖር ደጋግመን የምንጠየቀው ስለ ጤፍ ነው። ለገበያ የቀረበ ልውጥ ጤፍ የለም፤ በየሱቁ የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር ይደባለቃል፤ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የማይስማማው ልጅ ያለው ወላጅም ከአረንጓዴው ክብ ይልቅ የዱቄቶቹን ዝርዝር ማየት ይኖርበታል።