ፕሮስፔራ፦ ልጅ ሲማር ለእናት የሚከፈል ገንዘብ

ፕሮስፔራ በ1997 ሜክሲኮ ውስጥ የተጀመረ የድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ ነበር። መጀመሪያ ፕሮግሬሳ ይባል ነበር። በ2002 ኦፖርቱኒዳዴስ፣ በ2014 ደግሞ ፕሮስፔራ ሆነ። አዲስ ሹም የራሱን ታፔላ ካልሰቀለ አያርፍምና። ሥራው ግን ያው ነበር፦ በየሁለት ወሩ ገንዘብ ለእናትየው ይሰጥ ነበር። በምላሹ ልጆቿ ከትምህርት ቀናት ቢያንስ 85 በመቶውን ይገኙ፣ ቤተሰቡ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመረመር፣ እሷም የጤና ትምህርት ትከታተል ነበር።

(ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእኛው ሴፍቲኔት የተጀመረው በእኛ 1997 መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው። እዚህ ጉልበት ያለው ሰው ገንዘቡን ወይም እህሉን የሚያገኘው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ነው። እዚያ ግን የሚጠየቀው ልጅን ማስተማር ነበር።)

ነገሩ የመጣው ከችግር ነው። በ1994 መጨረሻ የሜክሲኮ ገንዘብ ፔሶ ዋጋው ወደቀ፣ ድህነቱ ባሰ። መንግሥት የቶርቲያ (የበቆሎ ቂጣ) እና የወተት ዋጋ ይደጉም ነበር፤ ድጎማው ግን ከገጠሩ ድሃ ይልቅ ለከተሜው ይደርስ ነበር። በገንዘብ ሚኒስቴር የነበሩት ኢኮኖሚስት ሳንቲያጎ ሌቪ፣ ይህ ቀርቶ ገንዘቡ በቀጥታ ድሃው እጅ ይግባ አሉ። የትምህርቱ ክፍያ ልጁ ክፍል በጨመረ ቁጥር ያድግ ነበር። ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ ለሴት ልጅ ይበልጥ ነበር፤ ሴቶች ብዙ የሚያቋርጡት እዚያ ጋ ነበርና።

ፕሮግራሙን ዝነኛ ያደረገው ጥናቱ ነው። 506 መንደሮች ተመርጠው በዕጣ ተከፈሉ። 320ዎቹ ወዲያው ጀመሩ፣ 186ቱ ዓመት ተኩል ያህል ጠበቁ። ለጠበቁት ክፉ ዕጣ ነው። ነገር ግን ማነጻጸሪያ የሆኑት እነሱ ናቸው። ለ71 ዓመት የገዛው ፓርቲ በ2000 ምርጫ ሲሸነፍ ፕሮግራሙ አብሮ ያልወደቀው በጥናቱ ውጤት ጭምር ነው።

ዓመታት ሲያልፉ ምን ታየ? አንዱ ግኝት እኔን አስገርሞኛል። ቤተሰቦቹ ከእያንዳንዱ 100 ፔሶ 74ቱን ለፍጆታ አውለው ቀሪውን ገቢ በሚያስገኝ ነገር ላይ አዋሉት፦ ከብት፣ ዶሮ፣ መሬት፣ ትንሽ ንግድ። ድሃ ገንዘብ ካገኘ ያባክነዋል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩት ደግ ነበር።

ትልቁ ለውጥ ግን ልጆቹ ካደጉ በኋላ መጣ። ተመራማሪዎቹ ሱዛን ፓርከርና ቶም ቮግል፣ ፕሮግራሙ ሲጀመር ገና ልጅ የነበሩትን ዕድሜያቸው ካለፈባቸው ጋር አነጻጸሩ። ልጅ ሆነው የደረሱበት የበለጠ ተምረዋል። በተለይ ሴቶቹ ከቤት ወጥተው ደመወዝ ያለው ሥራ ይዘዋል፣ ኑሯቸውም ተሻሽሏል።

ይህ ማለት ሁሉም ሰመረ ማለት አይደለም። ልጆቹ ብዙ ዓመት ቢማሩም፣ በፈተና ሲመዘኑ ከሌሎቹ እምብዛም አልበለጡም። ገንዘቡ ተማሪን ክፍል ያስገባል እንጂ መምህሩን አይለውጥም። እናቶችም ሸክም ነበረባቸው። ስብሰባው፣ ምርመራው፣ ወረፋው የእነሱ ነው፤ የቀረች እናት ክፍያዋ ይቋረጥባት ነበር።

በመጨረሻ ዓመታቱ ከ6 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦችን ያቀፈው ፕሮስፔራ፣ በ2019 በፕሬዚዳንት ሎፔዝ ኦብራዶር ዘመን ተዘጋ። የተተካው በቤኒቶ ሁዋሬዝ ስም በተሰየመ የተማሪዎች ድጎማ ነው። የጤና ጣቢያው ግዴታ አብሮ ተሰረዘ።