የላይኛው መካከለኛ ራይን ሸለቆ ምንድን ነው?

በጀርመን ራይን ወንዝ ከቢንገንና ከሩደስሃይም ከተሞች ጀምሮ ኮብሌንዝ እስኪደርስ 65 ኪሎ ሜትር ያህል በጠባብ ገደል መካከል ይፈስሳል። የላይኛው መካከለኛ ራይን ሸለቆ የሚባለው ይህ ክፍል ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2002 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው አንድን ግንብ ወይም አንዲትን ከተማ ለይቶ አልነበረም። ወንዙን፣ የወይን እርከኑን፣ ጫካውን፣ ወደ 40 የሚጠጉ ግንቦችንና 60 ያህል ትናንሽ ከተሞችን አንድ ላይ ባህላዊ መልክዓ ምድር ብሎ መዘገበ። በ2011 የተመዘገበው የእኛው ኮንሶም በዚሁ ምድብ ውስጥ ነው፤ በሁለቱም ቦታ ዋጋ የተሰጠው ሰው ገደሉን በድንጋይ ካብ አርሶ ለመኖር ባበጀው መንገድ ነው።

ሸለቆውን ለመረዳት ከጥበቱ መነሣት ይገባል። ከግራ የሁንስሩክ፣ ከቀኝ የታውኑስ ተራሮች ወንዙን ያጣብቁታል (ግራና ቀኝ የሚባለው ፊትን ወንዙ ወደሚፈስበት አዙሮ ነው)። ሎሬላይ የተባለው ቋጥኝ ከውኃው በላይ 132 ሜትር ይቆማል፤ ከሥሩ ወንዙ እየጠበበ ይታጠፋል። ከባቡር በፊት የአገሩ ዋና መንገድ ውኃው ነበርና፣ በእንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ ላይ የተቀመጠ መስፍን የሚያልፈውን ጀልባ ሁሉ አስቁሞ ማስከፈል ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ግንቦች በመጀመሪያ የቀረጥ ኬላ ወይም የኬላ ጠባቂ ነበሩ። ካውብ ከተማ ፊት ለፊት በወንዙ መካከል ደሴት ላይ የቆመውን ፕፋልትስግራፈንሽታይንን ንጉሥ ሉድቪግ ባቫሪያዊው በ1327 ማሠራት የጀመረው ለዚሁ ነው። ኬላው እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አለፍ ብሎ ድረስ ሠርቷል። ነጋዴውም ዝም አላለም፤ በ1245 የተመሠረተው የራይንፌልስ ግንብ ጌታ ቀረጥ ሲጨምር የራይን ከተሞች ተባብረው በ1255 ግንቡን ከበቡት። ከአንድ ዓመት በላይ ከበውት ሳይዙት ተመለሱ።

ጎብኚውን በብዛት የሚያሳስተው ዛሬ የሚያየው ግንብ ሁሉ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ይመስለው መሆኑ ነው። አብዛኛው አይደለም። በ1689 የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ጦር አካባቢውን ሲያቃጥል ከግንቦቹ ብዙዎቹ ፈረሱ። ያኔ ያመለጠው ራይንፌልስም ከመቶ ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አብዮት ጦር እጅ ወድቆ በባሩድ ፈነዳ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የፕሩሲያ መሳፍንት ፍርስራሾቹን እየገዙ ወይም በስጦታ እየተቀበሉ እንደ ምኞታቸው ገነቧቸው፤ ራይንሽታይንና ሽቶልትሰንፌልስ የዚያ ዘመን ውጤቶች ናቸው። ሽቶልትሰንፌልስ ተሠርቶ ያለቀው በ1842 ነው።

እነዚህን ከእውነተኛው ለመለየት ጥቂት ምልክቶች ይበቃሉ። ሰፋፊ መስኮቶች ወደ ወንዙ ከተከፈቱ፣ በረንዳና የአበባ ቦታ ካለ፣ የግንቡ ጫፍ ጥርስ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ ለእይታ የተሠራ ነው። ለጦርነት የተሠራው ግን ግድግዳው ወፍራም፣ ቀዳዳው ጠባብ ነው። የዋናው ማማ በር ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ በመሰላል ብቻ የሚደረስ ነበር፤ ጠላት ከደረሰ መሰላሉ ይነሣል። ይህን ሁሉ ሳይፈርስ ለማየት ከኮረብታ ግንቦቹ አንዱ ብቻ ቀርቷል፤ ብራውባህ ከተማ አናት ላይ ያለው ማርክስቡርግ። ከ1900 ጀምሮ በጀርመን የግንቦች ማኅበር እጅ ነው፤ ውስጡ የሚታየው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። ጊዜው ለሁለት ግንብ ብቻ ለሚበቃ ሰው ማርክስቡርግና ራይንፌልስ ይሻላሉ፤ አንዱ ግንብ እንዴት ይኖርበት እንደነበር፣ ሌላው እንዴት እንደሚፈርስ ያሳያሉ።

ቅርሱ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ባካራህ ከተማ ላይ ጣሪያ የሌላት፣ የመስኮት ቅስቶቿ ብቻ የቆሙ ውብ ጸሎት ቤት አለች፤ የቬርነር ጸሎት ቤት ትባላለች። በ1287 የአንድ ልጅ አስከሬን ሲገኝ ያለ ማስረጃ በአይሁድ ተሳብቦ በአካባቢው ብዙ አይሁዳውያን ተገድለዋል፤ ጸሎት ቤቷ የተሠራችው ለዚያ ልጅ እንደ ሰማዕት ተቆጥሮ ነው። ቤተ ክርስቲያን አምልኮውን የሰረዘችው በ20ኛው ምዕተ ዓመት ነው። እዚያ ቆሞ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ይህን ቢያውቅ ይገባል።

ወደ ወይኑ እንምጣ። የተራራው ድንጋይ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ገጽ በገጽ የሚሰነጠቅ ነው። ቀን የወሰደውን ሙቀት ማታ መልሶ ይሰጣል፤ ወደ ደቡብ የዞረው ቁልቁለት ደግሞ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይቀበላል። ሪስሊንግ የተባለው ዘግይቶ የሚበስል ነጭ የወይን ዝርያ በዚህን ያህል ሰሜን መብሰል የሚችለው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። በመካከለኛው ራይን የወይን ክልል ከተተከለው አብዛኛው ሪስሊንግ ነው፤ ክልሉ ራሱ ዛሬ ከ500 ሄክታር አይበልጥም። ሩደስሃይም፣ አስማንስሃውዘንና ሎርህ ሸለቆው ውስጥ ቢሆኑም በወይን ሕግ የሚቆጠሩት ራይንጋው በተባለው ሌላ የወይን ክልል ነው፤ አስማንስሃውዘን የታወቀችው ሽፔትቡርጉንደር በተባለው ቀይ ወይን ነው። ጠርሙስ ላይ ትሮከን የሚል ካለ ጣፋጭነት የለውም፤ ፋይንሄርብ ለስለስ ያለ ነው።

እርከኑን የሚይዘው ካብ ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ነው። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይሆናል፤ ካቡ ወደ ተራራው በትንሹ ይጋደማል፤ አንዳንድ ረጃጅም ድንጋዮች ወደ ውስጥ ጠልቀው ያስተሳስሩታል፤ ከጀርባው ጠጠርና ስባሪ ይሞላል። የዝናብ ውኃ በመካከሉ ሾልኮ ይወጣል። ካቡ ሆድ ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከኋላ ያለው ጠጠር በአፈር መደፈኑ ወይም የቁጥቋጦ ሥር መግባቱ ነው። ክፍተቱን በሲሚንቶ መምረግ ነገሩን ያብሰዋል፦ ውኃው መውጫ ያጣል፣ በብርድ ወራት በረዶ ይሆናል፣ በረዶ ሲሆን ይስፋፋል፣ ካቡን ገፍቶ ይጥለዋል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ ትራክተር አይገባም፤ ቅርንጫፍ መግረዙም ለቀማውም በእጅ ነው፤ የሥራ ሰዓቱ ከሜዳው እርሻ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህም ባለፈው ምዕተ ዓመት አብዛኛው እርከን ተትቷል። ከወንዝ ላይ ሆነው ሲያዩ በእሾህ መካከል መስመር መስመር ሆኖ የሚታየው ድንጋይ የቀድሞ ወይን ነው። ቦታው በቁጥቋጦ ሲዋጥ በሞቃት ድንጋይ ላይ የሚኖረው አረንጓዴ እንሽላሊትም መኖሪያውን ያጣል።

ጫካውም ድንግል አይደለም። የኦክ ዛፉ ከአንድ ጉቶ ሦስትና አራት ግንድ አውጥቶ ካዩት፣ በየአሥራ አምስትና ሃያ ዓመቱ እየተቆረጠ ያቆጠቆጠ ነው። ቅርፊቱ በፀደይ ተልጦ ለቆዳ ፋቂዎች ይሸጥ ነበር፤ እንጨቱ ለማገዶና ለወይን ድጋፍ ይውላል። ከውጭ ርካሽ የቆዳ ማልፊያ ሲመጣ ሥራው ቀረ።

ወንዙ ዛሬም መንገድ ነው፤ ጥበቱም ዛሬም ያስቸግራል። በኦበርቬዝልና በሳንክት ጎዋር መካከል መርከበኛው ከመታጠፊያው ባሻገር የሚመጣውን ስለማያይ የብርሃን ምልክት ይጠብቃል። ያም ሆኖ በጥር 2011 2,400 ቶን ሰልፈሪክ አሲድ የጫነ መርከብ በሎሬላይ አቅራቢያ ተገልብጧል። በዜና የሚጠቀሰው የካውብ የውኃ ልኬት የወንዙን ጥልቀት አይነግርም፤ ልኬቱ 78 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በመርከብ መስመሩ ላይ ያለው ጥልቀት 1.90 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ከሜትር በላይ ይጨመርበታል። በጥቅምት 2018 ልኬቱ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ወርዶ የጭነት መርከቦች ጭነታቸውን በእጅጉ ቀንሰው ይሄዱ ነበር። 6.40 ሜትር ሲያልፍ ደግሞ መርከብ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። በጎርፍ ሰሞን ወደ ፕፋልትስግራፈንሽታይን የምታሻግረው ትንሽ ጀልባም ስለምትቆም ካውብ ከመሄድ በፊት መጠየቅ ነው።

ለጉዞ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ከማይንትዝ እስከ ኮብሌንዝ አንድም ድልድይ የለም። መኪና የሚያሻግሩ ጀልባዎች ቢንገን፣ ኒደርሃይምባህ፣ ካውብ፣ ሳንክት ጎዋርና ቦፓርድ ላይ አሉ፤ ማታ ሥራ የሚያቆሙበት ሰዓት ይለያያል። ሰዓቱን ሳያይ እራቱን ማዶ የሚበላ ባለመኪና ወደ ሆቴሉ ለመመለስ አንዱን ጫፍ መዞር ይኖርበታል። ባቡር በሁለቱም ዳር አለ። ግራው ዳር ባካራህን፣ ሳንክት ጎዋርንና ቦፓርድን ያገናኛል፤ ቀኙ ሩደስሃይምን፣ ካውብንና ብራውባህን። ለክልል ባቡሮች የጀርመን ወርሃዊ ትኬት ያገለግላልና በፍራንክፈርት አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይችላል። ከማይንትዝ በግራው ዳር ሲሄዱ ወንዙ በቀኝ በኩል ነው፤ መቀመጫ ሲመርጡ ያስቡት። ለማደር የባቡር መስመሩን ርቀት ይዩ፤ የጭነት ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ያልፋል።

በመርከብ ከሆነ ከቢንገን ወደ ታች መሄድና በባቡር መመለስ ይመረጣል፤ ሽቅብ ሲሆን መርከቡ ከውኃው ጋር ስለሚታገል ጉዞው በጣም ይረዝማል። በእግር ለሚሄድ በቀኙ ዳር ከቪስባደን እስከ ቦን 320 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ራይንሽታይግ አለ፤ በግራው የራይን ግንቦች መንገድ። በሁለቱም መውጣትና መውረዱ ብዙ ነው፤ ያ ገጽ በገጽ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ደግሞ ሲረጥብ ያንሸራትታል።

ወይኑን ከአምራቹ ቤት ለመቅመስ ሽትራውስቪርትሻፍት የሚባለውን ይፈልጉ። ገበሬው የራሱን ወይን ብቻ በዓመት እስከ አራት ወር፣ እስከ 40 በሚደርስ መቀመጫ እንዲሸጥ የተፈቀደበት ቤት ነው። ክፍት መሆኑን የሚያሳውቀው በር ላይ በሚሰቀል ቅጠል ወይም መጥረጊያ ነው፤ እኛ ጠላ ቤት በር ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ እንደምንደፋው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ብዙዎቹ፣ ከግንቦቹም አንዳንዱ ዝግ ናቸው። በ2029 ደግሞ የጀርመን ፌዴራል የአትክልት ትርኢት በዚሁ ሸለቆ ይካሄዳል፤ በዚያ ዓመት ለመሄድ ያሰበ ማረፊያውን አስቀድሞ ይያዝ።